ኔትወርክ ለምን ይጠፋል? በስሕተት የሚታመኑ ነገሮችና እውነታው

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መሣሪያ ተበላሸ፣ ፋይበር ተቆረጠ፣ መብራት ጠፋ። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የትልልቆቹ መቋረጦች የምርመራ ውጤት ሲወጣ፣ ነገሩን ያከፋው ቀድሞ የታወቀና ተጽፎ ለኦፕሬተሮች ሁሉ የተዳረሰ ጥንቃቄ መጓደሉ እንደሆነ ይታያል። እንዲህ ያሉት ጥንቃቄዎች በቴሌኮሙ ዓለም «ምርጥ ተሞክሮ» ይባላሉ። ከዚህ በታች በባለሙያውም በተጠቃሚውም ዘንድ የሚዘወተሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች ከነእርማታቸው ቀርበዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ትንሽ ለውጥ ናት፤ ምንም አታመጣም»

በ1991 ጁንና ጁላይ ላይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሎስ አንጀለስና በፒትስበርግ አካባቢ ሚሊዮኖች መደወል አቅቷቸው ነበር። መንስኤው ጥሪዎችን በሚመሩት የሲግናል መሣሪያዎች ሶፍትዌር ላይ የተደረገ የጥቂት መስመር ማስተካከያ ነው። አምራቹ ማስተካከያው ትንሽ ስለሆነ ሙሉ ፍተሻ አያሻውም ብሎ ለቀቀው።

ከ31 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 8 ቀን 2022፣ ካናዳ ውስጥ የሮጀርስ ኔትወርክ በመላ አገሪቱ ወደቀ። ኩባንያው የአይፒ ኮር ኔትወርኩን (ትራፊኩ ሁሉ የሚያልፍበትን የኔትወርኩን እምብርት) በ7 ምዕራፍ እያሻሻለ ነበር፤ አምስቱ በሰላም አልፈው ስድስተኛው ላይ ደርሷል። በቶሮንቶ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ላይ ከማከፋፈያ ራውተሮች (ትራፊኩን ወደየአቅጣጫው ከሚመሩት መሣሪያዎች) አንድ ማጣሪያ ተነሣ። ማጣሪያው ወደ ኮር ራውተሮቹ የሚገባውን የመንገድ መረጃ (የትኛው አድራሻ ጋ በየት በኩል እንደሚደረስ የሚናገረውን ዝርዝር) መጠን የሚገድብ ነበር። እሱ ሲነሣ መረጃው ከአቅም በላይ ጎረፈና ኮር ራውተሮቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ አቆሙ። ሞባይሉም የቤት ኢንተርኔቱም በዚያው ኮር ላይ የተንጠለጠሉ ስለነበሩ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ፤ ኢንተራክ የተባለው የባንክ ካርድ ክፍያም አብሮ ቆመ።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የአደጋ ምደባው ነው። ሥራው ሲጀመር «ከፍተኛ አደጋ ያለው» ተብሎ ተመድቦ ነበር። የቀደሙት ምዕራፎች በሰላም ስላለፉ ደረጃው ወደ «ዝቅተኛ» ወረደ፤ ስለዚህ ጥብቅ ግምገማና የላብራቶሪ ሙከራ ሳይደረግበት ስድስተኛው ምዕራፍ ተጀመረ። የአምስት ሌሊት ሰላም ግን ስለ ስድስተኛው ትእዛዝ የሚናገረው ነገር የለም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው፣ «ይህች መስመር ብትሳሳት ስንት ደንበኛ ይነካል?» በሚል ጥያቄ መመዘን አለበት።

በተግባር ሲታይ፦ ለውጡ መጀመሪያ በላብራቶሪ፣ ያው የሶፍትዌር ቅጂ በተጫነበት ራውተር ላይ ይሞከር። ቀጥሎ በጣም ጥቂት ደንበኛ ባለው አንድ ራውተር ላይ ይግባ፤ ከዚያ እጅ ይሰብሰብ። የማስታወሻውና የፕሮሰሰሩ ጫና፣ የመንገድ መረጃው ብዛት ከለውጡ በፊት ከነበረው ጋር ይተያይ። ብዙ ራውተሮች መሐንዲሱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ «አጽና» ካላለው ለውጡን ራሳቸው የሚመልሱበት ትእዛዝ አላቸው፤ 10 ደቂቃ የተለመደ ገደብ ነው። ይህን ትእዛዝ መጠቀም በተለይ ከሩቅ ሆኖ ለሚሠራ ሰው አማራጭ የለውም፤ ራሱን ከራውተሩ ቢቆልፍ እንኳ መሣሪያው ወደ ነበረበት ይመለሳል።

መከላከያ ገደብም ራሱ መፈተሽ አለበት። ኖቬምበር 8 ቀን 2023 አውስትራሊያ ውስጥ የኦፕተስ ኔትወርክ ሲወድቅ፣ 90 ገደማ ራውተሮች የመንገድ መረጃው ከተቀመጠላቸው ልክ በማለፉ ራሳቸውን ከኮሩ አግልለው ነበር። ልኩ አምራቹ እንዳስቀመጠው የተተወ ነበር። ገደቡ ሲታለፍ ራውተሩ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይስጥ ወይስ ግንኙነቱን ይቁረጥ የሚለው ከፋብሪካ እንደመጣ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ደግሞም ሁሉም ራውተር በአንድ ቅጽበት የሚደርስበት ገደብ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት ያጠፋል።

«ችግር ቢፈጠር ከቢሮ ገብተን እናስተካክለዋለን»

የሮጀርስ መሐንዲሶች ወደ ራውተሮቹ የሚገቡበት የማስተዳደሪያ ኔትወርክ በወደቀው ኮር ላይ የሚሄድ ነበር። ኮሩ ሲሞት የስሕተት መዝገቦቹን ማየት አልቻሉም፤ ስልካቸውም የዚያው ኩባንያ ስለነበር እርስ በርስ መገናኘት አቃታቸው። መንስኤውን ለይቶ ለማወቅ 14 ሰዓት ገደማ ፈጀ።

የማስተዳደሪያው መስመር ከዋናው ኔትወርክ በምንም ነገር መገናኘት የለበትም። ሌላ አቅራቢ ዘንድ የተገዛ መስመር ወይም የተፎካካሪ ሲም የገባበት ሞደም፣ ከራውተሮቹ የኮንሶል ወደብ (ራውተሩ ያለ ኔትወርክ በቀጥታ ከሚታዘዝበት መሰኪያ) ጋር በቀጥታ የተያያዘ፣ የራሱ ባትሪ ያለው መሆን አለበት። የይለፍ ቃል ማረጋገጫው ሰርቨር በዋናው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ከሆነ በሩ ተከፍቶም መግባት አይቻልም፤ ስለዚህ በታሸገ ፖስታ የሚቀመጥ የአደጋ ጊዜ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የስልክ ዝርዝሩ በወረቀት ይታተም። የሕንፃው በር በኔትወርክ የሚሠራ ካርድ ከሆነ ቁልፉ የት እንዳለ ይታወቅ።

«ሁለት መስመር ስላለን አንቋረጥም»

ሁለት መስመር መኖርና ሁለት *የተለያየ* መስመር መኖር ለየቅል ናቸው። ከሁለት ኩባንያ የተከራዩ ሁለት ፋይበሮች አንድ ድልድይ ላይ ተገናኝተው በአንድ ቱቦ ሊያልፉ ይችላሉ፤ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይበጥሳል። ማርች 14 ቀን 2024 ከአቢጃን ባሕር ዳርቻ ራቅ ብሎ አራት የባሕር ውስጥ ኬብሎች፣ ዋክስ፣ ሜይንዋን፣ ኤስና ሳት-3፣ በአንድ ቀን ሲቆረጡ፣ ከነዚህ ከሁለቱ ላይ አቅም ገዝቶ «መጠባበቂያ አለኝ» ያለ ሁሉ ሁለቱንም አጣ።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ነገሩ ይበልጥ ያሳስባታል፤ ዓለም አቀፍ ትራፊኳ ወደ ኬብሎቹ የሚደርሰው ጎረቤት አገሮችን አቋርጦ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በስንት ድንበር ይወጣል ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከድንበሩ በኋላ የትኛው ኬብል ላይ ያርፋል፣ ያ ኬብልስ በየትኛው ባሕር ያልፋል እየተባለ ሊጠየቅ ይገባል።

መስመር የሚከራይ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም አነስተኛ ኦፕሬተር ከአቅራቢው የመንገዱን ካርታ በፋይል ይጠይቅ፤ ሁለቱን ካርታዎች አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ይይ። ወደ ሕንፃው የሚገቡበት ጉድጓድ አንድ ከሆነ ልዩነቱ በዚያ ያበቃል። ፍተሻው በየዓመቱ ይደገም፤ አቅራቢው ለራሱ ሲመቸው መስመሩን ወደ ሌላ ፋይበር ያዛውረዋልና። መለያየት ግዴታ መሆኑም በውሉ ላይ ይጻፍ።

«ባትሪና ጀነሬተር አለ፤ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም»

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1991 ኒውዮርክ፣ ማንሃታን ውስጥ የኤቲ ኤንድ ቲ ሕንፃ ወደ ራሱ ጀነሬተር ሲዛወር ሬክቲፋየሮቹ (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ለውጠው መሣሪያዎቹን የሚመግቡትና ባትሪውን የሚሞሉት) ሳይነሡ ቀሩ። መሣሪያዎቹ በባትሪ መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ማንም አላወቀም። ደንቡ ሕንፃው በጀነሬተር ሲሠራ ሠራተኛ ዞሮ እንዲያይ ያዝዝ ነበር፤ አልተዞረም። አላርሞቹም ሰሚ አላገኙም። ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ባትሪው አለቀ፤ የከተማዋ ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች የበረራ ቁጥጥር ግንኙነት ተቋረጠ። መጠባበቂያው ነበረ፤ የጎደለው ያየ ሰው ነው።

ባለ 48 ቮልት የቴሌኮም ባትሪ 24 ሴል አለው። እየተሞላ ሲቆይ እያንዳንዱ ሴል 2.25 ቮልት ገደማ፣ በድምሩ 54 ቮልት ያሳያል። ቴክኒሻን ሜትሩ ላይ 54 አይቶ «ባትሪው ደኅና ነው» ብሎ ከመዘገበ ተሳስቷል፤ ያነበበው የሬክቲፋየሩን ቮልቴጅ ነው። የባትሪው አቅም የሚታወቀው ሬክቲፋየሩ ጠፍቶ፣ በእውነተኛው ጭነት እየፈሰሰ፣ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ለየብቻ ሲለካ ነው። አንድ ደካማ ሴል ሙሉውን ረድፍ ይዞ ይወርዳል።

ስሌቱም ቀላል ነው። 2 ኪሎዋት የሚወስድ ጣቢያ 42 አምፔር ገደማ ይስባል። 200 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት አዲስ ባትሪ 80 በመቶው ብቻ ቢወሰድ 160 ለ42 ሲካፈል 4 ሰዓት አይሞላም። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ደግሞ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፤ የ10 ዓመት ተብሎ የተገዛው በ35 ዲግሪ ቆርቆሮ ካቢኔ ውስጥ 5 ዓመት ነው። በቆላ አካባቢ ጣቢያ ለሚተክል ሰው ጥላና የአየር ማስገቢያ የባትሪ ያህል ዋጋ አላቸው።

ጀነሬተር በወር አንድ ጊዜ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከአቅሙ ከ30 በመቶ በማያንስ ጭነት ይሥራ። ያለ ጭነት ማንቃት ያልተቃጠለ ናፍጣ በጭስ ማውጫው ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው የማስነሻው ባትሪ መድከም ወይም ታንከሩ ሥር የተጠራቀመ ውኃ ነው። አላርሙን መፈተሽም የጣቢያውን ሬክቲፋየር ብሬከር አጥፍቶ፣ ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ስልክ እስኪደወል መጠበቅ ነው። ካልተደወለ አላርም የለም። ማማ የሚጋሩ ኦፕሬተሮች ባሉበት፣ ዛሬ በኢትዮጵያም እንዳለው፣ ኃይሉ የጋራ ከሆነ የአንዱ ግድየለሽነት የሁለቱንም ደንበኞች ይነካል።

«የኔ ኦፕሬተር ቢወድቅ ስልኬ በሌላው ኔትወርክ አደጋ ጊዜ ቁጥር ይደውላል»

ሁልጊዜ አይደውልም። ኮሩ ሞቶ ማማዎቹ ምልክት መርጨት ከቀጠሉ ስልኩ «ኔትወርክ አለኝ» ብሎ እዚያው ይቆያል። በካናዳ የ911 ጥሪዎች ያልተሳኩት በዚህ ነው፤ በኦፕተስ መቋረጥም 2,145 ሰዎች የአውስትራሊያን የአደጋ ቁጥር፣ 000ን፣ መደወል አልቻሉም። ኦፕሬተሩ ማድረግ ያለበት ማማው ከኮሩ ሲነጠል ምልክቱን ራሱ እንዲያጠፋ ማሰናዳትና ይህን በትክክል ማማ አጥፍቶ መሞከር ነው። በአሜሪካና በካናዳ የሚኖር አንባቢ እንዲህ ሲገጥመው ሲሙን አውጥቶ 911 ይሞክር፤ ስልኩ ያገኘውን ማንኛውንም ኔትወርክ ይይዛል። በጀርመንና በእንግሊዝ ግን ያለ ሲም የተደወለ የአደጋ ጥሪ አያልፍምና እዚያ ሲም ማውጣት አይረዳም፤ ሌላ ስልክ መፈለግ ይሻላል።

«መንስኤው ከተስተካከለ ሁሉንም ማብራት ነው»

ጁላይ 2 ቀን 2022 ጃፓን ውስጥ በኬዲዲአይ ኔትወርክ የራውተር ጥገና ላይ በተፈጠረ የቅንብር ስሕተት የድምፅ ጥሪ የተቋረጠው ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ለውጡ ተመለሰ። የተቋረጡት ስልኮች ግን እንደገና ለመመዝገብ በአንድ ጊዜ ስለጠየቁ የመመዝገቢያ ሥርዓቱ ታነቀ፤ የደንበኞች ዳታቤዝም እርስ በርሱ የማይጣጣም መረጃ ያዘ። መቋረጡ ከ60 ሰዓት በላይ ቀጠለ። ሲመለስ በከፊል ነው የሚከፈተው፦ ማማዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ከመቶ የሚሆነውን ስልክ ብቻ እንዲቀበሉ ይደረጋል፣ የመመዝገቢያው ጫና ይታያል፣ ሲረጋጋ ይጨመራል።

«99.9 በመቶ ማለት እንከን የለሽ ነው»

99.9 በመቶ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ መቋረጥ ይፈቅዳል። አምስት እንዲህ ያሉ ክፍሎች ተከታትለው ከተያያዙ ድምሩ 99.5 ይሆናል፤ በዓመት 44 ሰዓት ሊደርስ ነው። ውል ሲፈረም የሚጠየቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ቁጥር ነው።

«ብልሽታችንን ለተፎካካሪ መንገር ራስን ማጋለጥ ነው»

አሜሪካ ይህን አመለካከት በ1991ዱ መቋረጦች ማግስት ተወችው። በ1992 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ኦፕሬተሮችንና አምራቾችን በአንድ ምክር ቤት ሰበሰበ፤ ከዚያ ወዲህ የተዘጋጁት ምርጥ ተሞክሮዎች ከመቶዎች አልፈው ወደ ሺህ ደርሰዋል። ትእዛዝ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ኦፕሬተር ከኔትወርኩ ጋር አገናዝቦ ይወስዳቸዋል። በአንጻሩ ትልቅ መቋረጥን ለኮሚሽኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ የቆየና የተጠቃሚው ብዛት በደቂቃ ተባዝቶ 900,000 የሚደርስ ከሆነ ሪፖርት ይደረጋል። የኩባንያው ሪፖርት በምስጢር ይያዛል፤ የባለሙያዎቹ ኮሚቴ የሚያየው የሁሉንም ድምር ስለሆነ ማን እንደወደቀ ሳይነገር ለምን እንደተወደቀ ይታወቃል።

ሁለት ኦፕሬተሮች ብቻ ባሉበት አገር ስም መደበቁ ከባድ ነው። ቢሆንም መጋራት የሚገባው የንግድ ምስጢርን አይነካም፦ ምን ተለወጠ፣ በስንት ሰዓት ታወቀ፣ በማን ታወቀ (በአላርም ወይስ በደንበኛ ስልክ)፣ የትኛው ጥንቃቄ ተጽፎ ሳለ አልተሠራም፣ ስንት ሰዓት ፈጀ። የካናዳ ኦፕሬተሮች በሴፕቴምበር 2022 ከዚህም አልፈው በከባድ መቋረጥ ጊዜ ደንበኛ በሌላው ኔትወርክ እንዲጠቀም፣ እንዲረዳዱና ለሕዝብ በጊዜው እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ስምምነት ፈረሙ። እንዲህ ያለ ስምምነት እንዲሠራ የሁለቱ የመቆጣጠሪያ ማዕከላት ተረኞች የሚገናኙበት ቁጥር ያስፈልጋል፤ በየማዕከሉ ጠረጴዛ ላይም የሌላው ኦፕሬተር ሲም የገባበት፣ በየሳምንቱ እየተደወለ የሚፈተሽ አንድ ስልክ ይቀመጥ።