ዲጂታል የጥርስ ራጅ ምንድን ነው?

«ዲጂታል እኮ ነው፣ ጨረር የለውም። በየስድስት ወሩ ብትነሱም ችግር የለውም።» ይህችን አባባል ከታካሚዎች ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ ጽፏት አየሁ። አሁንስ በዛ።

ወንድሜ፣ ዲጂታል የሆነው ምስሉን የሚቀበለው ዕቃ ነው። ጨረሩን የሚያመነጨው ማሽን ያው የድሮው ሊሆን ይችላል። ሴንሰር ከፊልም ባነሰ ጨረር ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን ማሽኑ ላይ ሰከንዱን ዝቅ የሚያደርገው ሰው ነው። ለፊልም በተሞላበት ከቀረ፣ ታካሚው የሚያገኘው የፊልሙን ያህል ነው። በየስድስት ወሩ የሚባል ነገርም የለም። መጀመሪያ አፍ ይታያል፣ ራጅ የሚታዘዘው ካስፈለገ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጨረርን እንደ ወጥ ጨው አስቡት። ፊልም ጨው የሚለይ ምላስ ነበረው። ሲያንስ ምስሉ ይነጣል፣ ሲበዛ ይጠቁራል፣ ባለሙያው ወዲያው ይነቃል። ዲጂታሉ ማነሱን ይናገራል፣ መብዛቱን ግን ይደብቃል። ሲያንስ ምስሉን ነጠብጣብ ይወርሰዋል። በጥርሱ ሥር ዙሪያ ያለችው ቀጭን ጥቁር መስመር ትጠፋለች። እኛ ደግሞ የሥሩን ጫፍ ሕመም ለመለየት እሷን ነው የምንፈልገው። ሲበዛስ? ሶፍትዌሩ ብርሃኑን አስተካክሎ ያማረ ምስል ያወጣል። ወጡ ጣፍጦ ቀረበ፣ ጨው ግን ሰውነት ውስጥ ገብቷል። ቅሬታ የሚመጣው ጨው ሲያንስ ብቻ ከሆነ፣ የሠሪው እጅ ቀስ በቀስ መክበዱ አይቀርም። በጨረርም የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህ ይበልጥ የሚታየው በፎስፈር ፕሌት ነው፤ ገመድ የሌለው፣ ከተነሳ በኋላ በስካነር የሚነበብ ቀጭን ፕሌት ነው። ባለ ገመዱ ሴንሰር በጣም ሲበዛበት ምስሉ ስለሚበላሽ ቶሎ ይታወቃል። ጨረር መጨመር የሚሰጠው ጥቅምም ወሰን አለው፤ ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ጨረር ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ የሚያየው አዲስ ነገር ብዙም የለም።

ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። አንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ፤ ሺው አንድ ሚሊሲቨርት ነው) በታች ነው። ከተፈጥሮ ብቻ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት እናገኛለን፣ በቀን 6.5 ማይክሮሲቨርት ገደማ መሆኑ ነው። ሥራችን ትንሹን ያለ ምክንያት አለማብዛት ነው።

የሚያበዛው ደግሞ መድገም ነው። ሴንሰሩ ወፍራምና ደረቅ ነው፣ ታካሚው ያቅለሸልሸዋል፣ ቦታውን ይስታል። ምስሉ ወዲያው ስለሚታይ «አንዴ ልድገመው» ማለት ቀላል ሆኗል። አንዴ ሲደገም ጨረሩ እጥፍ ሆነ።

ራጅ ሲነሳ ታካሚው ስለሚለብሰው የእርሳስ (የብረቱ) ሽርጥም ልጨምር። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ሽርጡና የአንገት መከለያው በመደበኛነት አያስፈልጉም ብሏል። ጨረሩን እዚያው መነሻው ላይ ማጥበብ ይሻላል። ጨረሩ የሚወጣበት ክብ ቱቦ አፉ 7 ሴንቲሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ከተለመደው የአዋቂ ፊልም ሦስት እጥፍ የሚሆን ቦታ ይመታል። ቱቦው ላይ የሚገጠመው አራት ማዕዘን መገደቢያ ትርፉን ይቆርጠዋል፣ የሚበተነው ጨረር ስለሚቀንስም ምስሉ ይጠራል።