የልብን ትቶ የሚሆነውን መምረጥ፦ ስልታዊ ድምፅና የፓርቲ ለውጥ በአሜሪካ

አንድ መራጭ የሚወደው ዕጩ ሦስተኛ እንደሚወጣ ያውቃል። ከፊት ያሉት ሁለቱ አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። አንደኛውን ብዙም አይወደውም፤ ሌላኛውን ግን ጨርሶ ማየት አይፈልግም። ስለዚህ የልቡን ሰው ትቶ ብዙም ለማይወደው ድምፁን ይሰጣል። ይህ ስልታዊ ድምፅ አሰጣጥ ይባላል። ማጭበርበር አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን ያመጣው የምርጫው ደንብ ነው። ለአንድ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር ብቻ ይኖራል። ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ግማሽ ባይሞላም ይወስደዋል። የቀረው ባዶ እጁን ይመለሳል። ፈረንሳዊው ምሁር ሞሪስ ዱቨርዤ በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) እንዲህ ያለው ደንብ ወደ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች እንደሚያመራ ጻፈ። ትናንሾቹ ያገኙትን ድምፅ ያህል ወንበር አያገኙም። መራጩም ድምፁን ውሃ እንዳይበላው ወደ ትልልቆቹ ይሸሻል። ሐሳቡ የዱቨርዤ ሕግ ተብሎ ቀረ። ህንድና ካናዳ በዚሁ ደንብ እየመረጡ ብዙ ፓርቲ ስላላቸው፣ “ሕግ” መባሉ ትንሽ ተጋኗል። አሜሪካ ላይ ግን ልክክ ይላል።

በ1912 ቴዎዶር ሩዝቬልት አዲስ ፓርቲ ይዞ ከሪፐብሊካኑ ዊልያም ታፍት ጋር ደጋፊ ተሻማ። ዴሞክራቱ ውድሮው ዊልሰን 42 በመቶ ገደማ ድምፅ ይዞ በመሃል ሹልክ ብሎ ዋይት ሃውስ ገባ። በ1992 ደግሞ ሮስ ፔሮ ያለ ፓርቲ ተወዳድሮ 19 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ። ፕሬዚዳንቱን ከሚወስኑት 538 የወኪል መራጮች ድምፅ ግን አንዲትም አልደረሰችውም።

በጣም የሚነሳው ግን የ2000 ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንቱን በወሰነችው ፍሎሪዳ ላይ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ዴሞክራቱን አል ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ብቻ ነበር። የግሪን ፓርቲው ራልፍ ኔደር እዚያው ግዛት ውስጥ ከ97 ሺህ በላይ አግኝቷል። ብዙ ዴሞክራቶች እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። እኔ ግን ጥፋቱን ከሰውየው ይልቅ ደንቡ ላይ እጥለዋለሁ። በዚያ ዓመት አንዳንድ መራጮች በኢንተርኔት ድምፅ “መለዋወጥ” ጀምረው ነበር። ፉክክር በጦፈበት ግዛት የሚኖረው የኔደር ደጋፊ ለጎር ይሰጣል። በምትኩ ውጤቱ ቀድሞ በታወቀበት ግዛት ያለው የጎር ደጋፊ ለኔደር ይሰጣል። መተማመኑ ግን በቃል ብቻ ነው፤ ምስጢራዊ ድምፅ ማን ያረጋግጣል?

ከውጭ መግባት እንዲህ ከከበደ የቀረው ፓርቲውን ከውስጥ መለወጥ ነው። ዋናው በር ፕራይመሪ የሚባለው የዕጩዎች ቅድመ ምርጫ ነው። ድሮ በሩን የያዙት የፓርቲ አለቆች ነበሩ። በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ አንድም ፕራይመሪ ሳይወዳደር የዴሞክራቶች ዕጩ ሆነ። ዕጩውን የሚሰይመው የፓርቲው ጉባኤ ሲካሄድ የቺካጎ ፖሊስ ጎዳና ላይ የቬትናም ጦርነት ተቃዋሚዎችን ይደበድብ ነበር። ከዚያ ውርደት በኋላ የማክገቨርን-ፍሬዘር ኮሚሽን ተቋቋመና በጉባኤው ዕጩውን የሚመርጡት ልዑካን አመራረጥ ለተራው አባል ተከፈተ። ኮሚሽኑን ይመራ የነበረው ጆርጅ ማክገቨርን ራሱ በአዲሱ ደንብ የ1972 ዕጩ ሆነ። ከዚያስ? በ49 ግዛቶች ተሸነፈ።

አለቆቹ የፈሩት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ከ1984 ጀምሮ ሱፐርደሌጌት የሚባሉ፣ የፈለጉትን ዕጩ መደገፍ የሚችሉ ሹማምንት ወደ ጉባኤው ተመለሱ። በ2016 ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ለዕጩነት የተፎካከረው የበርኒ ሳንደርስ ደጋፊዎች በእነዚህ ሹማምንት ክፉኛ ተቆጡ። በ2018 ፓርቲው አሸናፊው ቀድሞ ካልታወቀ በቀር ሹማምንቱ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ወሰነ።

ፕራይመሪ ላይ ድምፅ ለመስጠት የሚወጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ የተደራጀ ቡድን ትልቁን ሰው ሊጥል ይችላል። በ2014 በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኖቹ መሪ ኤሪክ ካንተር ብዙ ሰው በማያውቀው መምህር ተሸነፈ። በ2018 አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ኒውዮርክ ላይ አንጋፋውን የምክር ቤት አባል ጆ ክራውሊን ጣለች። አንድ ፓርቲ ሁሌ በሚያሸንፍበት ክልል እውነተኛው ምርጫ ይኸው ነው፤ በኖቬምበር የሚካሄደው ዋናው ምርጫ ለወጉ ያህል ነው።

ስልቱ ግን እዚህም ይከተላል። ብዙ ሰው “ማንን እወዳለሁ?” ትቶ “ማን ያሸንፍልኛል?” ብሎ ይመርጣል። ፕራይመሪው ለሁሉም ክፍት በሆነበት ግዛት ደግሞ የተቃራኒው ፓርቲ ደጋፊ ገብቶ ድምፅ መስጠት ይችላል። አንዳንዱ የሚሻለውን ሊያግዝ ይገባል፤ አንዳንዱ ለወገኑ የሚቀለውን ተጋጣሚ ሊመርጥ።

ደንቡን ራሱን የነኩም አሉ። ኒውዮርክ ትንሽ ፓርቲ የትልቁን ዕጩ በራሱ ስም እንዲያቀርብ ትፈቅዳለች፤ ድምፁ ይደመራል። ሜይን መራጩ ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በደረጃ እንዲያስቀምጥ ታደርጋለች። በ2018 እዚያ ለተወካዮች ምክር ቤት የተወዳደረው ጃሬድ ጎልደን በመጀመሪያው ቆጠራ ከኋላ ነበር። የትናንሾቹ ዕጩዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ሲዞር አሸነፈ። ይህም ከስልት ፈጽሞ አያድንም። አለን ጊባርድና ማርክ ሳተርዝዌይት በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ ዕጩዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ካልወሰነ ወይም ዕጣ ካልገባበት በቀር ስልት የማይነካው ደንብ የለም። ሦስተኛውን ሰው የመምረጥ ፍርሃት ግን ይቀንሳል።

አላስካም በ2022 በዚሁ መንገድ መምረጥ ጀመረች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ይሻር አይሻር ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ለጥቂት ተረፈ።