የአስተዳደር ወጪ ምንድን ነው?

በሐረር ዙሪያ ከገበሬዎች ጋር የሚሠራ አንድ አነስተኛ ግብረ ሰናይ ድርጅት ዓመታዊ ሒሳቡን ሲያቀርብ፣ ለጋሹም ኦዲተሩም አጥብቀው የሚመረምሩት የአስተዳደር ወጪን ነው። ይህ ወጪ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ባይያያዝም ድርጅቱ እንዲቀጥል ግድ የሚል ነው፤ የቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኦዲትና የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ የመብራትና የኢንተርኔት ሒሳብ በዚህ ሥር ይመዘገባሉ። ለባቢሌ ገበሬ የሚከፋፈል የለውዝ ዘር ግን የፕሮጀክት ወጪ ነው።

ድንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አልነበረም። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው ከዓመቱ ወጪ 30 በመቶ ቢሆንም፣ የአፈጻጸም መመሪያው በርካታ የሥልጠናና የጉዞ ወጪዎችን ከአስተዳደር ይቆጥር ስለነበር፣ ሥራው ከማሳ ማሳ እየዞሩ ማስተማር የሆነ ድርጅት ጣሪያው ይጠብበት ነበር። እሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ ትርጉሙንም አጠበበው፤ ስሌቱም ከጠቅላላ ገቢ ሆነ። በእኔ እይታ ትንንሾቹን ድርጅቶች የሚያስጨንቃቸው ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ ይህ የመጨረሻው ለውጥ ነው፤ ኪራይና ደመወዝ በየወሩ የሚከፈሉ ሲሆኑ፣ እርዳታ ግን አንድ ዓመት ጎርፎ በሚቀጥለው ሊነጥፍ ይችላል።

ለምሳሌ የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ በየዓመቱ 280,000 ብር ነው እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 2,000,000 ብር ገቢ ቢያገኝ ወጪው 14 በመቶ ይሆናል፤ በሁለተኛው ገቢው ወደ 1,000,000 ብር ቢወርድ፣ አንድም ሳንቲም ሳይጨምር 28 በመቶ ይደርሳል። ሁለቱ ዓመታት ተደምረው ሲታዩ ግን ከ19 በመቶ በታች ነው።

በእርሻ ሥራ ይህ መዛባት ይብሳል። በሐረርጌ ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ተዘርቶ ኅዳር ገደማ ስለሚታጨድ፣ የበጀት ዓመቱን ሐምሌ 1 ለሚጀምር ድርጅት አንዱ የምርት ወቅት በሁለት የሒሳብ ዓመታት ይከፈላል። በሚያዝያ የገባው እርዳታ በሙሉ በዚያው ዓመት ገቢነት ከተመዘገበ፣ የአጨዳው ወቅት ኪራይና ደመወዝ ገቢው ባነሰበት በሚቀጥለው ዓመት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሒሳብ ያዥ ስምምነቱ ሲፈረም እርዳታው በሁለት ዙር፣ ከፊሉ ከሐምሌ በኋላ እንዲለቀቅ ይጠይቃል። አዋጁ ገቢ ማስገኛ ሥራን ስለሚፈቅድ፣ ዘር አባዝቶ መሸጥም የቀጣዩን ዓመት ገቢ ይደግፋል፤ ዝናብ ከቀረ ግን ይህም ገቢ አብሮ ይቀራል።