ጤና መኮንን ምንድን ነው?

አንድ የደጀን ሰው አለ፤ በእናቴ በኩል ዘመድ ይሆነኛል። ባለፈው ዓመት ስልክ ደወለና ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ ወደ ጉዳዩ ገባ። «ልጅቱ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ናት። ዲፓርትመንት ምረጡ ተብለው ፐብሊክ ሄልዝ የሚባለውን ልትሞላ ነው። እስቲ አንተ ታውቃለህና ንገረኝ፤ ዶክተር ነው ነርስ?»

«ሁለቱም አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

በሁለት ቃል የሚመለስ አልሆነልኝም። እኔ ራሴ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። እንዲያም ሆኖ ሥራህ ምንድን ነው ስባል አጭር መልስ የለኝም። ከገጠር ለሚመጣ ታካሚ ነጭ ጋወን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ጋወን የለበሰች ሴት ደግሞ ስፔሻሊስት ብትሆን እንኳ «ሲስተር» ናት። መጀመሪያ ሰሞን «እማማ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ጤና መኮንን ነኝ» እያልኩ አስረዳ ነበር። አንዲት አሮጊት «ይሁን የኔ ልጅ፣ እሱንም እግዜር ይጨምርልሃል» ብለው ካጽናኑኝ ወዲህ ትቼዋለሁ።

ስሙን እናጥራ። ወረቀቱ ላይ ዲግሪው «ፐብሊክ ሄልዝ» ወይም «የሕብረተሰብ ጤና» ይባላል። ባለሙያው «ጤና መኮንን» ነው። ተማሪውም ሠራተኛውም በአፉ የሚጠራው ግን «ኤችኦ» እያለ ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ተማሪ የቢሮ ትምህርት እየመሰለው ያልፈዋል፤ ሌላው ደግሞ የቢሮ ነው ብሎ ይገባና ከዓመታት በኋላ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ሲቆም ይደነግጣል።

«መኮንን» የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ነው። «ኮነነ» ገዛ፣ ፈረደ ማለት ነው፤ መኮንን ደግሞ ገዥ፣ ሹም። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አገር መኮንን ሲባል ካባና ጎራዴ ቢታየን አይፈረድብንም። ለዚህ ሙያ ሲሰጥም ዝም ብሎ የተለጠፈ ስም አልነበረም፤ ባለሙያው ከመነሻው ጤና ጣቢያ እንዲመራ ታስቦ የተፈጠረ ነው።

የተፈጠረውም ከጣና ማዶ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደንቢያ ላይ የገባው ወባ ብዙ ሰው ፈጀ። ያን ጊዜ በአገሩ ያለው ሐኪም በጣት የሚቆጠር፣ አብዛኛውም የውጭ ሰው ነበር፤ ሐኪም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም ገና አልነበረም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተከፍቶ ሐኪም እስኪያወጣ ይጠበቅ ቢባል ኖሮ ከ10 ዓመት በላይ መጠበቅ ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ ሦስት ዓይነት ሰውም አብሮ ማሠልጠን ጀመረ። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ቡድኑንም ይመራል። የኮሚኒቲ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭና መጸዳጃ ላይ ይሠራል። ሦስቱ እንደ አንድ ሰው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። ሐሳቡ የመጣው ከችግር ነው እንጂ ከመጽሐፍ አይመስለኝም፤ ለዚህም ይሆናል እስከ ዛሬ የቆየው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ1950 ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ደጋ ድረስ የወጣው ትልቁ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ገደማ እንደገደለ ይገመታል። ጎንደር የጀመረችው ነገር ለምን እንዳስፈለገ ከዚያ በላይ ማስረጃ የለም።

ሥልጠናው በደርግ ዘመን ተቋርጦ ቆየ፤ በኋላ እንደገና ተጀመረ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጤና ጣቢያ በየቦታው ሲሠራ ኤችኦ በብዛት ይሠልጥን ተባለ። በአገራችን አሠራር አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25 ሺህ ያህል ሰው ነው የሚታሰበው። ከሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች አሉ፤ በየኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። ጤና ጣቢያው ላይ ብዙ ጊዜ ዶክተር የለም። ያ ቦታ የኤችኦው ቦታ ነው።

ሥራውን በትርጉም ከማስረዳ አንድ የጥቅምት ሰኞ ልንገራችሁ። ክረምቱ ወጥቷል፤ ቆላው ላይ ወባ የሚነሣበት ወር ነው። ከረፋዱ በፊት አምስት ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች አየሁ። አንዱ ልጅ ነው፤ በአባቱ ትከሻ ላይ ተዝለፍልፎ መጣ። ጣታቸው ተወግቶ ደማቸው ላቦራቶሪ ገባ፤ አራቱ ወባ ሆኑ። ኮአርተም ጻፍኩላቸው፤ ጠዋትና ማታ ለ3 ቀን፣ ምግብ ቀምሰው። ልጁ መዋጥ ስላቃተው በመርፌ ጀመርኩለትና አስተኛሁት። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ማንኛውም ሐኪም የሚሠራውን ነው።

አባትየውን «ከየት መጣችሁ?» ብዬ ስጠይቀው የነገረኝ ጎጥ ግን ጆሮዬን አቆመው። ቀደም ብላ የመጣችው ሴትም ያንኑ ጎጥ ነበር የጠራችው። መዝገቡን ገለጥኩ፤ ከአራቱ ሦስቱ ከአንድ ጎጥ ናቸው። ጤና ጣቢያችን ግድግዳ ላይ የወባ ቻርት ተለጥፏል። በየሳምንቱ የታመመው ሰው ቁጥር በነጥብ ይሞላበታል፤ ከላይ ደግሞ አንድ መስመር አለ። መስመሩ የሚሰመረው እንዲህ ነው፦ ያለፉት 5 ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራሉ፤ ሁለተኛው ይወሰዳል። የዘንድሮው ነጥብ ያን መስመር ካለፈ ወረርሽኝ ሊሆን ይችላልና አትተኛ ማለት ነው። የኛ ነጥብ ባለፈው ሳምንት መስመሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር።

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ደወልኩ፤ ለኬላዋ ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ደወልኩ፤ ከሰዓት በኋላ አብረን ጎጡ ገባን። ቤት ለመምረግ ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ሦስት ቦታ ተኝቷል። አጎበሩ አንዱ ቤት ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ነው፤ «ለእንግዳ» ተብሎ። ሌላው ቤት ገለባ መሸከሚያ ሆኗል። ማታውን ያየነውን ጽፌ ሪፖርት ላክሁ፤ በማግሥቱ የጎጡ ሰው አካፋ ይዞ ወጥቶ ጉድጓዱን ደፈነ።

እንግዲህ ጤና መኮንን ማለት ጠዋት ልጁን ያከመውና ማታ ጉድጓዱን ሪፖርት ያደረገው አንድ ሰው ነው። ዶክተሩ ከዚህ ሰው በላይ ያክማል፤ የሱ ትምህርት በአንድ በሽተኛ ላይ በጣም ይጠልቃል። ነርሷ በሽተኛውን ሌት ተቀን ትንከባከባለች፤ ጤና ጣቢያ ላይም ራሷ ታክማለች። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ያለውን ከሁላችንም ይልቅ ታውቀዋለች። ኤችኦው መካከል ላይ ቆሞ አንዱን ሰውና 25 ሺውን ሰው ባንድ ዓይን እንዲያይ ነው የሠለጠነው። ግማሽ ዶክተር ነው የሚሉት አባባል የማይዋጥልኝም ለዚህ ነው፤ በዚያ ሚዛን ከተመዘነ ዶክተሩም ግማሽ ኤችኦ ሊባል ነው።

ዝሆኔም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም እግሩ ያበጠ ገበሬ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የዘር ነው ይባላል፤ ጋብቻ ይከለከላል። በኛ ደጋ ብዙውን የሚያመጣው ግን ቀዩ አፈር ነው፤ በባዶ እግር ዓመታት ሲረገጥ ደቃቁ ቆዳ ውስጥ እየገባ። የመጣውን ሰው እግሩን ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለል ታስተምረዋለህ። ያ አንዱ ሥራ ነው። ሌላው የልጆቹን እግር ማየት ነው፤ ጫማ አላቸው ወይ?

ትምህርቱም እንደ ሥራው ሁለት ራስ አለው። በአንድ በኩል አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ ይማራሉ፤ ከዚያ ሆስፒታል ወጥተው የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት፣ የቀዶ ሕክምና፣ የማሕፀንና ጽንስ ክፍል ይዞራሉ። በሌላ በኩል ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ ሥነ ምግብ፣ የአካባቢ ጤና፣ የጤና አመራር አለ። ተማሪዎች የማይረሱት ግን ቲቲፒ የሚባለውን ነው። ከነርሲንግ፣ ከላቦራቶሪና ከሌሎችም ተማሪዎች ጋር በቡድን ወደ አንድ ትንሽ ከተማ ወጥተው ይሰነብታሉ፤ ጠዋት ጤና ጣቢያ ያክማሉ፣ ከዚያ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠይቅ ይሞላሉ። የጎጃም ውሻ ከሁሉም ኮርስ በላይ አስተምሮኛል።

መግቢያው ሁለት ነው። ቀጥተኛው ከ12ኛ ክፍል ተፈጥሮ ሳይንስ ነው፤ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ ፍሬሽማን መጨረስ፣ ከዚያ በውጤትና በምርጫ መመደብ። ይህ በር ጠባብ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ላላለፉት የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል የሚባለው፣ የተጀመረው ያኔ ነው። ሁለተኛው በር ዞር ብሎ ነው የሚገባው፦ እንደ ደብረ ማርቆስ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ባለ የክልል ኮሌጅ በደረጃ ሠልጥኖ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ተፈትኖ፣ ሥራ ይዞ፣ ከዓመታት በኋላ ዲግሪውን መቀጠል። በዲፕሎማ ነርስነት ጀምረው ኤችኦ የሆኑ ብዙ ባልደረቦች አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በሥራ የቆዩት እነሱ ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ እኔ እንቅልፌን እተኛ ነበር። የግል ኮሌጅ ለሚያስብ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ያ ኮሌጅ፣ በዚያ ካምፓስ፣ ለዚያው ፕሮግራም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ይጠይቅ። የኮሌጁ ስም ፈቃድ ስላለው ብቻ ኤችኦውም አለው ማለት አይደለም።

ትምህርቱ ሲያልቅም አያልቅም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ኤግዚት የሚባለውን የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ከዚያ የሙያ ፈቃድ አለ፤ ያለ እሱ በሽተኛ መንካት የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው መሰላል ብዙ ሰው ከሚያስበው ይረዝማል። ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ሥነ ምግብ፣ ሥነ ተዋልዶ ጤና እያሉ ማስተርስ መያዝ አለ፤ ወረዳና ዞን ላይ የምታዩዋቸው አብዛኞቹ በዚህ የሄዱ ናቸው። ማከም የሚወድ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በ2001 እና 2002 ዓ.ም. አካባቢ በሐዋሳ፣ በጅማና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረ የ3 ዓመት ማስተርስ አለ፤ በምሕጻር አይኢኤስኦ ይሉታል። ጤና መኮንኑን ወስዶ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ያስተምረዋል፤ ትርፍ አንጀት፣ የአንጀት መታጠፍ፣ ምጥ የጠናባትን እናት በኦፕራሲዮን ማዋለድ። ሰርጀን የሌለበት የወረዳ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት እናት ስትመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከእንቅልፉ የሚቀሰቀሰው ይህ ሰው ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የሕክምና ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፤ አሮጊቷ «ይጨምርልሃል» ብለው የመረቁኝን ዶክተርነት በዚያ በኩል ያገኙ ኤችኦዎች አሉ።

ደስ የማይለውንም ልናገር። ከኛ በፊት የተመረቁት ዕጣ አውጥተው ይመደቡ ነበር፤ እኔ ግን ዲግሪዬን ይዤ 11 ወር ቤት ተቀምጫለሁ፤ በየወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የቆምኩባቸውን ቀናት አልቆጥራቸውም። ያኔ አንድ ቦታ ለአንድ መደብ ስንፈተን አዳራሹ ሞልቶ ውጭ የቀረም ነበር። ሆስፒታል ስትቀጠር ደግሞ ቦታህ ግልጽ አይደለም፤ ዶክተር ሲጠፋ «አንተ እኮ ዶክተር ነህ» ትባላለህ፣ ዶክተር ሲመጣ ወረቀት ያዝ ትባላለህ። ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ልጆች ሁለተኛ ዓመት ላይ ይማረራሉ።

ለዘመዴ ይህን ሁሉ በስልክ መንገር ስላልቻልኩ ልጅቱን አገናኘኝ አልኩት። በማግሥቱ ደወለች። ብዙ አልጠየቅኋትም። «ደም ትፈሪያለሽ?» አልኳት። «ኧረ ምን በወጣኝ፤ እህቴ ስትወልድ አጠገቧ ነበርኩ» አለች ኮራ ብላ። «ሪፖርት መጻፍ፣ ቁጥር መደመር፣ ስብሰባስ?»

ሳቀች። «እሱን እንኳ ተወኝ ጋሼ። ላብ ሪፖርት ራሱ ጓደኛዬ ናት የምትጽፍልኝ።»

«እንግዲያው ሚድዋይፈሪን ከላይ ሙዪው» አልኳት።