የሚስ ዩኒቨርስ የጋብቻ ክልከላ ምን ነበር? ምንስ ተለወጠ?

እ.ኤ.አ. በ1952 በካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች የተጀመረው ሚስ ዩኒቨርስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የቁንጅና ውድድር ካሉት ደንቦች ብዙዎችን የሚያደናግረው ጋብቻን የሚመለከተው ነው። ክልከላው ባለትዳሮችን ብቻ ሳይሆን አግብተው የፈቱትንና ልጅ የወለዱትንም ያገልል ነበር።

በ1957 የሚስ ዩኤስኤን ዘውድ የደፋችው ሊዮና ጌጅ በሚስ ዩኒቨርስ ለግማሽ ፍጻሜ ካለፈች በኋላ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት መሆኗ ስለታወቀ ዘውዷን ተነጠቀች። ማዕረጉ ሁለተኛ ለወጣችው ሻርሎት ሼፊልድ ቢተላለፍም፣ ዓለም አቀፉ ውድድር አስቀድሞ በመጀመሩ እርሷም ልትሳተፍ አልቻለችም፤ በዚህም አሜሪካ ውድድሩን ባዘጋጀችበት ከተማ ያለ ተወካይ ቀረች። ትዳርና ልጅ ከውድድሩ መመዘኛዎች ጋር ግንኙነት ስለሌላቸው፣ ቅጣቱ ፍትሐዊ ነበር ለማለት ይከብዳል።

ክልከላው የተነሣው በ2023 ኤል ሳልቫዶር ካስተናገደችው 72ኛው ውድድር ጀምሮ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ባለትዳርና እናት የሆነችው ኮሎምቢያዊቷ ካሚላ አቬያ እስከ መጨረሻዎቹ አምስት ድረስ ዘለቀች። ቀድሞ 28 የነበረው የዕድሜ ጣሪያም በ2024 ቀርቷል። ሚስ ዎርልድ ግን በሌላ ድርጅት የሚመራ በመሆኑ እነዚህ ለውጦች አይመለከቱትም።