«ጤፍ ነው ገብስ የበላው?»

ሙያዬ የጥንት አጥንትና ጥርስ መመርመር ነው። ለበዓል መንዝ በሄድኩ ቁጥር ቡናው ሳይፈላ ያው ጥያቄ ይመጣል። ሰልችቶኛል። የጥንት ሰው የበላውን የምናጠናው በአይሶቶፕ ስለሆነ፣ ከጥያቄው ጋር የሚመጡትን ወሬዎችም አብሬ ላጥራ።

«አይሶቶፕ ጨረር ነው።» ሁሉም አይደለም። አይሶቶፕ ማለት የአንድ ንጥረ ነገር ሆነው ክብደታቸው የሚለያይ አተሞች ናቸው። ካርቦን 12 እና 13 ጨረር የላቸውም፤ በምትቆረጥሙት ቆሎ ውስጥም አሉ።

«የሉሲን ዕድሜ በካርቦን ለኩት።» ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አያገለግልም። የሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተገኘው ሀዳር ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ በውስጡ የተጠራቀመው አርጎን የሚባል ጋዝ ተለክቶ ነው።

ወደ ብስጭቴ ልምጣ። ባለፈው ፋሲካ አጎቴ ማሳቸው ጫፍ ላይ ያገኙትን ቡናማ ጥርስ ከክብሪት ቀፎ አወጡና «በል እስቲ፣ ሰውዬው ጤፍ ነው ገብስ የበላው?» አሉኝ። ጥርሱ የበሬ ነበር። እሱ ይቆየን።

ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ አንድ ነው፤ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ሌላ። በነጤፍ ውስጥ ካርቦን 13 ሁሉም ቤተ ሙከራ ከሚያነጻጽርበት መለኪያ ከሺህ 12 እጅ ገደማ ያንሳል፤ በነገብስ 26 ገደማ። ልዩነቱ በምግብ በኩል አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ገብስ በሊታን ከጤፍ በሊታ መለየት ይቻላል፤ ጤፍ በሊታን ከማሽላ በሊታ ግን በዚህ መለየት አይቻልም። ያውም ከብት ባይኖር ነው! የቀወት ቆላ ሣር በአብዛኛው ከነጤፍ ወገን ነው፤ የደጋው የጓሳ ሣር ግን ከነገብስ። የቀወት ላም ወተት እየጠጣ ያደገ ሰው እንጀራ ሳይቀምስ ማሽላ በሊታ መስሎ ይታያል። ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው አጎቴ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ተማርክ?» አሉ።

«ጾም መጾሙስ ይታወቃል?» አጥንት የብዙ ዓመት አማካይ ነው፤ ሁዳዴውና ፋሲካው ተደባልቆ ነው የሚወጣው። ፀጉር ከተገኘ ግን በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ ተስፋ አለው።

«ስትሮንቲየም የትውልድ መንደርን ያወጣል።» ስትሮንቲየም ከአለት ተነሥቶ በአፈር፣ በውኃና በምግብ በኩል ሰውነት የሚገባ ንጥረ ነገር ነው፤ የሚያወጣው የአለቱን ዓይነት እንጂ መንደሩን አይደለም። የጥርስ ልባስ በልጅነት ተሠርቶ ስለሚቀር ልጁ ያደገበትን አለት ይይዛል፤ ግን መንዝም ጣርማበርም ባዛልት ላይ ናቸው፣ ጎረቤትን ከጎረቤት በምን ልለይ?

ደግሞ እባካችሁ፣ አጥንት ስታገኙ በሙጫ አታጣብቁ፤ ሙጫ የራሱ ካርቦን አለው። አትጠቡት፣ አታንሱት፤ ባለበት ትታችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። አጎቴ ያንን ጥርስ በበረኪና ዘፍዝፈው ነው ያቆዩኝ።