የጭንቅላት ጉዳትና የ15 ነጥብ ነገር

ጭንቅላቱ ተመትቶ የታከመ ሰው ወረቀት ላይ 13፣ 14 ወይም 15 ተጽፎ ታያላችሁ። የግላስጎው ኮማ ስኬል የሚባለው የንቃት መለኪያ ውጤት ነው። ዓይን መክፈት እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ እንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ አለው። ትንሹ ድምር 3 ነው። 13 እና ከዚያ በላይ «ቀላል»፣ 8 እና ከዚያ በታች «ከባድ» ይባላል።

ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ነጥቡ የሚለካው ሰውዬው በዚያ ሰዓት ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ነው። ነገ ስም ያስታውስ እንደሆነ፣ ቶሎ ይቆጣ እንደሆነ፣ ገበያ ወጥቶ ሒሳብ ይችል እንደሆነ አይናገርም። 15 ያገኘ ሰውም ለወራት ራስ ምታትና መርሳት ሊያስቸግሩት ይችላሉ። እባካችሁ «ድኗል፣ ሰንፎ ነው» አትበሉት።

ለወሎ የተሃድሶ አገልግሎት ሲታቀድም በዚህ ቁጥር ብቻ ሰው መለየት ያሳስበኛል። ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ለእጅና ለእግር ትልቅ ነገር ነው። የማስታወስና የንግግር ልምምድ ግን ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ለወራትም ይደጋገማል። ወልዲያ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከላሊበላ የሚመጣውንማ ትራንስፖርቱ ብቻ ያስቀረዋል። ስለዚህ ዋናው ምርመራ ደሴ ይሁን፤ ክትትሉ ግን በየወረዳው ጤና ጣቢያ፣ ቤተሰቡም ልምምዱን ተምሮ።